ሞተር ቆሞበት ነው

ፍኖተ ሰላም ውስጥ መኪና እያለው ዳምጤን የማያውቅ ሰው ካገኘህ፣ ያ ሰው መኪናው ተበላሽቶበት አያውቅም ማለት ነው። ይህን የምልህ ለጉራ አይደለም፣ ጉራ ነው ብትልም አልከፋም፣ ሰው የሠራውን ቢናገር ምን ነውር አለው። የተወለድሁት ፈረስ ቤት ነው፣ የቀለም ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ተቋጨ፣ ከዚያ ወዲያ ማንም አላስተማረኝም፣ የእንግሊዝኛ የመኪና መጽሐፍና መዝገበ ቃላት ጎን ለጎን ዘርግቼ በኩራዝ እያነበብሁ ራሴን ያስተማርሁ ሰው ነኝ። የመጀመሪያውን ሞተር ፈትቼ ስገጥም ሦስት ብሎን ተረፈኝ፣ ሁለተኛውን ስገጥም አንድ ተረፈኝ፣ ከሦስተኛው ጀምሮ ምንም ተርፎኝ አያውቅም። ከሽንዲ እስከ ደምበጫ አበቃለት የተባለ መኪና ሁሉ ወደ እኔ ግቢ ተጎትቶ ይገባ ነበር፣ አብዛኛው በራሱ ጎማ ወጥቷል።

ከሁሉ የምኮራው ግን በጆሮዬ ነው። የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ አሳርፌ እጀታውን ጆሮዬ ላይ ስደግፈው፣ የትኛው ፒስቶን እንደ ላላ፣ የትኛው ቫልቭ እንደ ተቃጠለ፣ ሐኪም የልብ ትርታ እንደሚሰማ እሰማለሁ። ጀርባዬን ለመንገዱ ሰጥቼ ቁጭ ብዬ የሚያልፈው መኪና የማን እንደሆነ እናገር ነበር፣ ሰዎች ይወራረዱ ነበር፣ አይችልም ብሎ የተወራረደ አንድም ቀን አሸንፎ አያውቅም።

ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው በጥላ፣ በመንፈስ፣ በሙት ድምፅ አያምንም። የሰፈር ሰው ወንዙ ዳር ድምፅ ሰማሁ ሲለኝ፣ ውሃ ነዋ፣ ወንዝ ዝም እንዲልህ ፈልገህ ነበር እለው ነበር። ቤተ ክርስቲያን እስማለሁ፣ እጾማለሁ፣ ከዚያ የተረፈው ግን ብረት ነው፣ ብረት ደግሞ ያለ ምክንያት ድምፅ አያወጣም፣ ይህን ነበር የማምነው። ደግሞ እንዲህ ያለ ወሬ ብዙ ጊዜ በሌሊት ሆነ ነው የሚባለው፣ የእኔ ግን በጠራራ ቀን፣ ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ሰው ሁሉ ከገበያ ሲመለስ የሆነ ነው፣ ስለዚህ እንቅልፍ ጥሎህ ነው እንዳትለኝ።

ጊዜው ባጃጅ ከተማችን ገና የገባበት ሰሞን ነው። ሙሉቀን የሚባል የቡሬ ልጅ ነበር፣ አዲስ አበባ የመንገድ ቀያሽ ሆኖ የሚሠራ፣ እጀ ለጋስ፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ ልጅ። ቀይ ፊያት ስፖርት ነበረችው፣ በጃንሆይ ጊዜ የገባች፣ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ከመሬት ዝቅ ያለች፣ ሕፃናት ከኋላዋ የሚሮጡላት ዓይነት። ድምፅዋን ብሰማ ከሺህ መኪና መካከል እለየዋለሁ፣ ስትነሳ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ቄስ ታስላለች፣ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ቀጭን ፉጨት ታፏጫለች። ሙሉቀን እናቱን ሊጠይቅ ሲመጣ ቡሬ መግቢያ ላይ ካለችው ትንሽ ድልድይ ሲደርስ ማርሽ ይቀንስና ቤንዚኑን ሁለቴ ጫን ያደርገዋል፣ ዱም፣ ዱም፣ መጣሁ ማለቱ ነው። ቤታቸው ከድልድዩ ማዶ ነው። እናቱ እሜት ትርንጎ ያን ሲሰሙ ከመደባቸው ተነሥተው ሁለቱንም የበር መዝጊያ ይከፍታሉ፣ ለልጄ አንዱ አይበቃውም ይሉ ነበር። በኋላ ዓይናቸው ጠፋ፣ ያኔም በድምፅዋ ብቻ ይነሡ ነበር።

አንድ ክረምት ሙሉቀን ከቡሬ ሲመለስ ዘይቱን ሳያይ ነድቶ ማንኩሳ ላይ ሞተሩ ነከሰ፣ ተጣብቆ ቆመ፣ በጭነት መኪና ተጎትታ እኔ ግቢ ገባች። ጥፋቱ የሠሪዎቿ አይደለም፣ ዘይት የሌለው ሞተር የማንም ቢሆን ይነክሳል። ከፍቼ ሳየው ውስጡ ተቃጥሏል፣ ትልቁ ዘንግ ተሰብሯል፣ ብረቱ ተሰንጥቋል፣ እኔ እንኳ የማላድነው ነበር፣ እኔ አላድነውም ካልሁ አልቋል ማለት ነው።

"በአውቶቡስ አዲስ አበባ ሄጄ ዕቃ ፈልጌ በሳምንት እመለሳለሁ፣ ጋሽ ዳምጤ" አለኝ። "እሑድ ተመልሼ ልመጣ ለእምዬ ቃል ገብቼላት ነበር። ወደ ቡሬ የሚሄድ ሰው ካገኙ፣ የቀረሁት ሞተር ቆሞብኝ ነው ብሏል በሉልኝ።"

እሺ አልሁት። አላልሁለትም። ሥራ በዛብኝ፣ በሳምንት ይመጣ የለ ወይ ብዬ ተውሁት። በአምስተኛው ቀን ሙሉቀን አዲስ አበባ ላይ ድንገት ታሞ ዐረፈ፣ እዚያው ቀበሩት።

የመርዶ ነገር ታውቃለህ። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ጎሕ ሲቀድ ነው የሚነገር። እሜት ትርንጎ ግን ያን ሰሞን በልብ ሕመም ተኝተው ነበር፣ ሐኪም ድንጋጤ ይገድላቸዋል አለ፣ እስኪሻላቸው ይቆይ ተባለ፣ ውጭ አገር ለሥልጠና ሄዷል ተባለላቸው። ሲሻላቸው ደግሞ ጾም ነው፣ ከጾሙ በኋላ ሠርግ ነው፣ እየተባለ ሁለት ዓመት ሆነ። መርዶ ካረፈደ ተናጋሪ ያጣል። እኔም መልእክቴን ይዤ ቀረሁ፣ ለሞተ ሰው ሞተር ቆሞበት ነው ብሎ መናገር ምን ይባላል።

በሁለተኛው ዓመት፣ ሐምሌ ላይ፣ የሙሉቀን ታናሽ መምህር አስማረ ግቢዬ መጣ። እዚሁ ፍኖተ ሰላም የሚያስተምር፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ልጅ ነው። ጥግ ላይ በሸራ የተሸፈነችውን መኪና አየና ሄዶ የሸራውን ጫፍ ያዘ።

"እምዬ ከዚህ ክረምት አታልፍም፣ ጋሽ ዳምጤ። ሐኪሙም አልደበቀንም። ቀን ከሌት የሙሉቀን መኪና አልመጣችም ወይ ነው የምትል። ድምፅዋን አንድ ጊዜ ብትሰማ ልቧ የሚያርፍ ይመስለኛል።"

"ሰምተው ልጄ ግባ ያሉ እንደሆነ ማንን ልታስገባ ነው?"

"መጥቶ ተኝተሽ አገኘሽ፣ ቸኩሎ ተመለሰ እላታለሁ።"

"ውሸት ነው መምህር።"

"ሁለት ዓመት ሙሉ ምን ስናደርግ ነበር?"

ሄጄ ሸራውን ከመኪናዋ ላይ ገፈፍሁት።

እንግዲህ የሞተር ምርጫው ነገር እዚህ ላይ ይመጣል፣ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚህ ነውና ልብ ብለህ ስማኝ። ሦስት ሞተር ነበር ያለው። አንደኛው የዚያችው የፊያት ዓይነት፣ አዲስ አበባ አንድ አሮጌ ብረት የሚሸጥ ሰው ጋ የተጣለ፣ የተበየደ፣ እንደ ማድቤት የሚያጨስ፣ ቡሬ ቢያደርስ የማይመልስ፣ ግን ድምፁ ያው ነው። ሁለተኛው የላዳ ነው፣ ላዳ የፊያት የአክስት ልጅ ናት፣ ካምቢዮው ላይ፣ የማርሹ ሣጥን ላይ፣ ብዙ ሳታስቸግር ትገባለች፣ ነገር ግን ጉልበት የላትም፣ ለሰጋር ፈረስ የአህያ ልብ እንደ መስጠት ነው። ሦስተኛው ደብረ ማርቆስ ከተገለበጠች ቶዮታ ፒክአፕ የወጣ፣ ጤነኛ፣ ዝምተኛ፣ ዕቃው በየሱቁ የሚገኝ፣ ከነካምቢዮው የሚመጣ። ችግሩ ከፊያት ጋር አንድም ብሎን አይጋራም፣ መቀመጫው ሁሉ እንደ ገና ተቆርጦ መበየድ አለበት፣ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው ዘንግ ማጠር አለበት፣ በዞኑ ውስጥ ይህን የሠራ ሰው አልነበረም።

ስለዚህም ነበር የፈለግሁት። እውነቱን ልንገርህ፣ ዳምጤ ፊያት ውስጥ ቶዮታ ጨመረ እንዲባል ነበር የፈለግሁት።

"የመጀመሪያው ይሁንልኝ" አለ አስማረ። "የሚሮጥ አይደለም የምፈልገው፣ የሚታወቅ ነው።"

"መንገድ ላይ ቢቆምብህስ? ሞተሩን ለእኔ ተወው። ድምፁን በጭስ ማውጫው እሠራዋለሁ፣ ድምፅ ማፈኛውን፣ ማርሚታውን ቆርጬ፣ ቀዳድጄ፣ ያንኑ አደርገዋለሁ። የዚያችን መኪና ድምፅ ከእኔ አብልጦ የሚያውቅ ማን አለ?"

አስማረ ቀስ ብሎ፣ "እምዬ አለች" አለኝ።

ሳቅሁበት። እርሱም አብሮኝ ሳቀ፣ አስተማሪ ነው፣ ከሽማግሌ ጋር አይከራከርም።

ሦስት ሳምንት ሠራሁ። የሞተሩን መቀመጫ ከወፍራም ላሜራ ቆርጬ በየድሁት፣ ዘንጉን አሳጠርሁት፣ የቶዮታው ሞተር እዚያ የተወለደ ይመስል ቁጭ አለ። ማርሚታው ግን አሾፈብኝ። መጀመሪያ ስቆርጠው ወፍጮ ሆነ፣ ሁለተኛ ስቆርጠው ባጃጅ ሆነ፣ ሦስተኛ ላይ ጉንፋን የያዛት ፊያት መሰለች። ቀርቧል አልሁ። አስማረ አዳመጠና "ይሁን" አለ፣ ለቀስተኛን ሲያጽናኑ ይሁን እንደሚባለው።

የሞተውን አሮጌ ሞተር አውጥቼ ከባሕር ዛፉ ሥር ሁለት አሮጌ ጎማ ላይ አስቀምጬው ነበር፣ ቴስታታው፣ የላይ ክዳኑ፣ የተነሣ፣ ፒስቶኖቹ በዝገት የተጣበቁ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ አባርቶ እጄን ስታጠብ፣ ከዚያ በኩል ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ። የቅጠል ጠብታ ነው አልሁ። ጠጋ አልሁ። ይህን ድምፅ ሹፌር ሁሉ ያውቀዋል፣ ረጅም መንገድ የመጣ ሞተር ሲጠፋ ብረቱ እየቀዘቀዘ የሚያሰማው ነው። እጄን አሳረፍሁበት፣ ሞቅ ያለ ነበር፣ እንደ ተኛ ጥጃ ጀርባ። እመነኝ፣ ፀሐይ ካየን አምስት ቀን ሆኖን ነበር። ከሥሩ ቅጠል በስብሶ ነው፣ ብስባሽ ይሞቃል አልሁና ሸራ ጣል አድርጌበት ገባሁ። ምክንያት ካገኘህ መተኛት ትችላለህ፣ እኔም ተኛሁ።

በማግሥቱ ቅዳሜ እኔ እየነዳሁ አስማረ ጎኔ ተቀምጦ ወጣን። ገበያተኛው በጋሪ፣ በእግር፣ አህያ እየነዳ መንገዱን ሞልቶታል፣ ቀይዋን መኪና ያዩ ሁሉ ዞር ይላሉ፣ እኔም መስኮቱን ዝቅ አድርጌ ክርኔን አውጥቻለሁ። ሞተሩ እንደ ሐር ነው የሚሄደው። ማንኩሳን እስክናልፍ ድረስ የሰማሁት የራሴን ሥራ ብቻ ነው፣ የቶዮታውን ድምፅና የማርሚታዬን ጉንፋን።

ማንኩሳን አልፈን ሙሉቀን የቆመባት ቦታ ላይ ስንደርስ ሦስተኛ ማርሽ አስገባሁ። ፉጨቱ መጣ።

ያ ፉጨት ከማርሚታ አይመጣም፣ ከሞተሩ ከራሱ ከውስጥ ነበር የሚወጣው፣ ያ ሞተር ደግሞ እኔ ግቢ ሸራ ለብሶ ተቀምጧል። ሁለተኛ ማርሽ አደረግሁ፣ ጠፋ። ሦስተኛ አደረግሁ፣ መጣ። ከዚያ ያ የቄስ ሳል፣ ከዚያ ያ ወፍራም ድምፅ፣ ጠቅላላው፣ እንደ ድሮው። ጆሮዬን አውቀዋለሁ፣ አልሳተም። አስማረን ዞር ብዬ አየሁት፣ መዳፉን ከፊቱ ያለው ዳሽቦርድ ላይ ዘርግቶ፣ እንባው ዝም ብሎ ይወርዳል።

"ሠሩት አይደል፣ ጋሽ ዳምጤ" አለኝ።

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ "ሠራሁት" አልሁት።

ድልድዩ ከመድረሳችን በፊት አንድ ሰው ከብቶች እያሻገረ መንገዱን ዘጋው፣ ቆምን። ቆመን ሳለን ድምፁ ከእኛ ወጣ። እንዴት ብዬ ልንገርህ፣ ከኮፈኑ ሥር የነበረው ድምፅ ቀስ ብሎ ወደ ፊት ሄደ፣ ከብቶቹ መካከል ገባ፣ ከብቶቹ ማንም ሳይነካቸው ግራና ቀኝ ተከፈሉ፣ ከዚያ ማዶ ሆኖ እየራቀ ሄደ። እኛ ጋ የቀረው የቶዮታው ዝምታ ነው። ቆይቶ ከድልድዩ በኩል ሰማነው፣ ዱም፣ ዱም። አስፋልቱ ላይ አንድም መኪና አልነበረም።

"ሰሙት?" አለ አስማረ።

"ከብቱን አሳልፍ አንተ ሰው" ብዬ በመስኮት ጮህሁ፣ ሌላ የምለው ስላልነበረኝ። ከብቶቹ ግን ቀጥ ብለው ቆመው ቀሩ፣ እስኪንቀሳቀሱ ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀ።

ስንደርስ እሜት ትርንጎ ደጅ ናቸው፣ ከታዛው ሥር መደቡ ላይ፣ ለሳምንታት ከአልጋ ያልወረዱት ሴትዮ ነጭ ነጠላ ለብሰው ቀና ብለው ተቀምጠዋል። ከኋላቸው ሁለቱም የበር መዝጊያ ተከፍቷል።

"ማን ናችሁ?" አሉ።

"እኔ ነኝ እምዬ፣ አስማረ ነኝ። መካኒኩ ጋሽ ዳምጤም አብረውኝ አሉ።"

"ከወንድምህ ጋር ተላለፋችኋ። አሁን ነው የወጣ።"

አስማረ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ነኝ የጠየቅሁ። "ምን አለዎት እሜቴ?"

"ተቀመጥ ብለው አልቀመጥ አለኝ። አንዲት ቃል ተናግሮኝ ሄደ። ቀላል ቃል ናት፣ ግን ሰም መሰለችኝ፣ ወርቁ ጠፍቶኝ እያሰብሁ ነው።"

እንዲህ ማለታቸው አያስደንቅህ፣ የመሪጌታ ልጅ ናቸው፣ አባታቸው ቅኔ ሲያስተምሩ ከጓዳ ሆነው እየሰሙ ያደጉ፣ ወንድ ተማሪ ሁሉ ያልፈታውን የሚፈቱ ነበሩ። ከዚያ ራሳቸውን ወደ መኪናዋ አዘነበሉ፣ ሞተሩን ገና አላጠፋሁትም ነበር።

"ይህች ደግሞ የማን ናት? ድምፅዋ የእንግዳ ነው።"

ሦስት ሳምንት የደከምሁበት እንዲህ ተፈረደ። አስማረ አላየኝም፣ ቢያየኝ ይሻለኝ ነበር። ሞተሩን አጠፋሁት።

"አንተ መካኒኩ" አሉኝ፣ "ብረት የሚያውቅ ሰው ነህ ይላሉ፣ እስቲ አንተ ንገረኝ። ልጄ ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን ቀረብኝ?"

ሊመልስ የሚገባው አስማረ ነበር፣ የሥልጠናውን ወሬ ለመቀጠል። እኔ ግን የእንግዳ ድምፅ ተብሎ ከተፈረደብኝ በኋላ ጭንቅላቴ ባዶ ሆኖ፣ ሁለት ዓመት ምላሴ ሥር የተቀመጠው መልእክት ብቻ ነበር የቀረልኝ፣ እርሱው ወጣ። "የቀረው ሞተር ቆሞበት ነው፣ እሜቴ" አልሁ።

የእሜት ትርንጎ ከንፈር እንደ ቅኔ ተማሪ ይንቀሳቀስ ጀመር። "ሞተር ቆሞ" አሉ። ደገሙት። "ሞተር ቆ..." እኔ ብረት ሰሚ ነኝ፣ ሞተርን ከቆሞ ለይቼ ነው የምሰማ። እርሳቸው ግን ቃሉን ሌላ ቦታ ላይ ቆረጡት።

"ሞተ፣ ርቆ" አሉ።

ከብት የሚነዳው ሰው ከሩቅ ሲያፏጭ ይሰማ ነበር፣ ሌላ ድምፅ አልነበረም።

"እርሱም ያለኝ ይኸንኑ ነው። እምዬ የቀረሁት ሞተር ቆሞብኝ ነው አለኝ። አንተ ስትደግመው ተፈታልኝ። ሞተ ርቆ።" ከዚያ እጃቸውን ወደ አስማረ ዘረጉ። "ስንት ጊዜ ሆነው?"

"ሁለት ዓመት፣ እምዬ።"

"ሁለት ዓመት ሙሉ ብቻህን ተሸከምኸው? ና ልጄ።"

አስማረ ጉልበታቸው ላይ ወደቀ። እርሳቸው አላለቀሱም፣ ራሱን እየዳበሱ፣ "ሰው ጥሩልኝ፣ ሽማግሌዎቹን ጥሩልኝ፣ ልጄ መርዶውን ራሱ አመጣ፣ ልቅሶው በወጉ ይሁንለት" አሉ። ሰው ሲመጣ ነው ያለቀሱት፣ ያን ልቅሶ አልተርክልህም።

እኔ ዘወር ብዬ ከመደቡ ፊት ያለውን ጠፍጣፋ ድንጋይ አየሁ። ሦስት ጠብታ ዘይት ነበረበት። የሙሉቀን መኪና የቆመችበት ሁሉ ሦስት ጠብታ ትጥል ነበር፣ አንድ ቀን እደፍንልሃለሁ እያልሁት ሳልደፍንለት ቀረሁ። የራሴን ሥራ ጠርጥሬ ጭቃ ላይ ተኝቼ ከሥር አየሁ፣ ቶዮታው እንደ አጥንት ደርቋል፣ ደግሞም እዚያ ድንጋይ ድረስ መኪናዋን አላስጠጋሁም። ዘይቱን በጣቴ ነካሁት። ጥቁር፣ የተቃጠለ፣ ሞቅ ያለ።

እሜት ትርንጎ ፍልሰታን ጾመው ፈሰኩ፣ መስከረም ሳይጋመስ ዐረፉ። ሐኪሙ ድንጋጤ ይገድላቸዋል ብሎ ነበር፣ ድንጋጤ አልገደላቸውም፣ ጉዳያቸውን የጨረሱ ሰው ሆነው ነው የሄዱት ይላል አስማረ። የመጀመሪያውን ሞተር መርጬ ቢሆን ኖሮ በውሸት ደስ ብሏቸው ይሞቱ ነበር ይሆን፣ ይህን ስንት ሌሊት አስቤዋለሁ፣ የትኛው እንደሚሻል እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

እንግዲህ ያን ክረምት ያደረግሁትን ልቁጠርልህ፣ የሠራሁትን መቁጠር ልማዴ ነው። በዞኑ ማንም ያልሠራውን ሠራሁ፣ የቶዮታ ሞተር ፊያት ስፖርት ውስጥ አስገባሁ፣ አስማረ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ይነዳት ነበር፣ አንድ ቀን አልቆመችበትም። ያን ቅዳሜ በዚያችው መኪና ከፍኖተ ሰላም ቡሬ አራት ጊዜ ተመላልሼ ሽማግሌና ዘመድ አደረስሁ። የተሰጠኝን መልእክት አደረስሁ፣ በሁለት ዓመት ዘግይቼ፣ ያውም ባለቤቱ ቀድሞኝ። በእሜት ትርንጎ ተዝካር ቀን አስማረን ለብቻው ጠርቼ፣ ፉጨቱን እኔ አልሠራሁትም አልሁት፣ በሕይወቴ ያልሠራሁትን አልሠራሁም ያልሁበት ቀን እርሱ ብቻ ነው። "አውቃለሁ" አለኝ። አሮጌውን ሞተር ዘይቱን እስከ መጨረሻው ጠብታ አፍስሼ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ሁለት ክንድ ቆፍሬ፣ ብቻዬን ቀበርሁት፣ ድንጋይም ጫንሁበት።

ውሻዬ ግን ክረምት ሲገባ፣ ግቢው ሁሉ ውሃ ሲያቁር፣ የታዛውን ጥግ ትታ ሄዳ የምትተኛው እዚያ ላይ ነው። መሬቱ እዚያ ላይ ይደርቃል። እጄን አሳርፌበት አላየሁም።